ጢሞቴዎስ ተገረዘ፣ ቲቶ ግን አልተገረዘም

«ሐዋርያት ግዝረት አያስፈልግም ካሉ፣ ልጄን በ8ኛው ቀን የማስገርዘው ለምንድን ነው?» የምትል አጭር ጥያቄ ከአንድ አዲስ አባት ደረሰችኝ። «ባህላችን ስለሆነ ነው» ብዬ መለስኩለት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችንም የምትሰጠው መልስ ይኸው ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ወዲህ ሲከነክነኝ ከረመ። ባህል ከሆነ 8ኛው ቀን ላይ ለምን እንጣበቃለን? ባህል ከሆነ ያልተገረዘ ሰው በመካከላችን አንገቱን የሚደፋው ለምንድን ነው? ባህል ብቻ ከሆነ ደግሞ ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች «ብትገረዙ ክርስቶስ ምንም አይጠቅማችሁም» እስኪል ድረስ ያስቆጣው ምንድን ነው?

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል። ይሁንና ከአብርሃም ብጀምር የምታውቁትን መድገም ይሆንብኛል። አብርሃም በ99 ዓመቱ፣ እስማኤል በ13 ዓመቱ፣ ይስሐቅ በ8ኛው ቀኑ መገረዛቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ለእኔ የነገሩ ቋጠሮ ያለው ዘፍጥረት 17 ላይ ሳይሆን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፋት አንዲት ቁጥር ውስጥ።

ልስጥራን ላይ የሆነው

ምዕራፍ 15ን የሚያነብ ሰው ጉዳዩ እዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ከአንጾኪያ የተነሣው ክርክር በ49 ዓ.ም. ገደማ ኢየሩሳሌም ደረሰ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፈሪሳውያን ወገን ያመኑት «ይገረዙ» አሉ። ጴጥሮስ አባቶቻችንም እኛም ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር ለምን እንጭንባቸዋለን ብሎ ተነሣ፤ ያዕቆብም ነገሩን ቋጨው። ከአሕዛብ ያመኑት የታዘዙት ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ ብቻ ነው። ግዝረት ከእነዚህ ውስጥ የለም።

ገጹን ስትገልጡ ጳውሎስ ልስጥራን ገብቷል። እዚያ ጢሞቴዎስ የሚባል ደቀ መዝሙር አለ፤ እናቱ ያመነች አይሁዳዊት፣ አባቱ የግሪክ ሰው ነው። ጳውሎስ አብሮት እንዲሄድ ፈለገና በዚያ አገር ስለነበሩት አይሁድ «ይዞ ገረዘው» ይላል ቁጥር 3። ቁጥር 4 ደግሞ በየከተማው እያለፉ በኢየሩሳሌም የተወሰነውን ትእዛዝ ለአማኞች ይሰጡ እንደነበር ይናገራል። ሁለቱን ቁጥሮች አያይዛችሁ አንብቧቸው። አሕዛብ አይገረዙ የሚለውን ውሳኔ ይዞ ከሚዞረው ቡድን አንዱ ቁስሉ ገና ያልጠገገ ወጣት ነው። አዋቂ ሰው ተገርዞ እስኪድን ሳምንታት ይፈጃል። የሴኬም ወንዶች ተገርዘው በ3ኛው ቀን ሰይፍ ሲመጣባቸው መነሣት ያልቻሉት ለዚህ ነበር። ሉቃስ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል።

ይህንን ከገላትያ ምዕራፍ 2 ጋር ስታስተያዩት ይብሳል። ጳውሎስ እዚያ ቲቶን ይዞ ኢየሩሳሌም እንደወጣ፣ ሾልከው የገቡ ሐሰተኞች ወንድሞች እንደነበሩ፣ ለእነርሱም ለአንዲት ሰዓት እንኳ እንዳልተበገረ ይተርካል። ቲቶ አልተገረዘም። ገራዡም ከልካዩም አንድ ሰው ነው።

የተለመደው ማብራሪያ «ጢሞቴዎስ በእናቱ አይሁዳዊ ነው፣ ቲቶ ግን ፍጹም ግሪካዊ» የሚለው ነው። ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ዘር በእናት ይቆጠራል የሚለው የረበናት (የአይሁድ መምህራን) ሕግ በጽሑፍ ተደራጅቶ የምናገኘው 200 ዓ.ም. ገደማ በተሰበሰበው ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው ነው፤ በጳውሎስ ዘመን ሁሉም አይሁድ በዚህ ይስማሙ እንደነበር ምሁራን ይከራከራሉ። ሉቃስ ራሱ የሰጠው ምክንያት ደግሞ የዘር ሐረግ አይደለም። አባቱ ግሪካዊ መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበርና ስለ አይሁድ ብሎ ገረዘው ነው የሚለው። ጳውሎስ በየከተማው መጀመሪያ የሚገባው ምኩራብ ነው፤ ያልተገረዘ የአይሁዳዊት ልጅ አስከትሎ ቢገባ ስለ ክርስቶስ ከመናገሩ በፊት ስለ ጢሞቴዎስ መልስ መስጠት ይኖርበታል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ በአይሁድ መካከል የሚሠራው ሰው አይሁድ የሚቀበሉት ሰው እንዲሆን አደረገ።

ስለዚህ የሁለቱን ጉዳይ የለየው ቆዳው ወይም ዘሩ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ጢሞቴዎስን «ካልተገረዝህ አትድንም» ያለው ሰው የለም። ቲቶን ግን ብለውታል። ያ ቃል በተነገረበት ቦታ ሁሉ ጳውሎስ ለመስማማት ፈቃደኛ አይደለም፤ ያ ቃል ባልተነገረበት ቦታ ደግሞ ስለ ግዝረት ደንታ የለውም። «መገረዝ ቢሆን ወይም አለመገረዝ አይጠቅምም» የሚለው ቃል ሁለቱንም ወገን ይመታል። አለመገረዝም አይጠቅምም ማለቱ ነውና፣ ባለመገረዙ የሚኮራ ክርስቲያን ቢኖር እርሱም የሚቆምበት መሬት የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልስጥራን የምትገኘው በሮማውያኑ የገላትያ አውራጃ ውስጥ ነው። የገላትያ መልእክት ለእነዚህ ደቡባዊ ከተሞች የተጻፈ ከሆነ፣ ጢሞቴዎስን በስምና በመልክ የሚያውቁ ሰዎች ይሰሙታል ማለት ነው። በምዕራፍ 5 ቁጥር 11 ጳውሎስ «እኔ ገና ግዝረትን የምሰብክ ብሆን ለምን እስደዳለሁ?» ይላል። ግዝረትን ይሰብካል ብሎ የሚያማው ሰው ነበር ማለት ነው፤ ሐሜቱ ከምን እንደተነሣ ለመገመትም ከልስጥራን ርቆ መሄድ አያስፈልግም።

ወደ ኋላ የመለሱት፣ ወደ ልብ የወሰዱት

1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ «ተገርዞ ሳለ የተጠራ ማንም ቢኖር ወደ አለመገረዝ አይመለስ» የሚለው ትእዛዝ ለብዙ አንባቢ ግራ ነው። የተቆረጠ ቆዳ እንዴት ይመለሳል? በዘመኑ ግን ይደረግ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሴልሰስ በሕክምና መጽሐፉ ቀሪውን ቆዳ አላቅቆ ወደ ፊት በመሳብ ጫፉን የሚሸፍን ቀዶ ጥገና ያስረዳል። ሥራውን የሚፈልጉት በግሪክ ስፖርት ሜዳና በመታጠቢያ ቤት ራቁታቸውን የሚታዩና በመገረዛቸው የሚያፍሩ ሰዎች ነበሩ። በግሪክኛው 1ኛ መቃብያን መጀመሪያ ላይ በኢየሩሳሌም የስፖርት ቤት ሠርተው ግዝረታቸውን የሰረዙ አይሁድ ይነገራል። (ይህ መጽሐፍ በእኛ ቀኖና ካሉት መጻሕፍተ መቃብያን የተለየ መሆኑን ልብ በሉ፤ ብዙዎች ያደናግሩታል።) ከዚያ በኋላ አይሁድ ጫፉን ብቻ መቁረጥን ትተው፣ የውስጠኛውን ስስ ሽፋን ጭምር ቀደው ወደ ኋላ የሚገልጡበትን ሥርዓት አጠበቁ፤ ብዙ ተመራማሪዎች ምክንያቱ ይኸው ማስመለስን ለመከላከል እንደሆነ ያምናሉ። የአብርሃም ግዝረትና የዛሬው ሐኪም የሚቆርጠው መጠን አንድ ላይሆን የሚችለውም ለዚህ ነው።

ከሐዋርያት በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ከጳውሎስ ይልቅ ከረሩ። በ2ኛው መቶ ዘመን መካከል ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ሲከራከር፣ 8ኛው ቀን ጌታ ከሰንበት በኋላ በመጀመሪያው ቀን ለተነሣበት ትንሣኤ ምሳሌ ነው አለ፤ እውነተኛው ግዝረት ከስሕተትና ከክፋት መገረዝ ነው አለ። በበርናባስ ስም የሚታወቀው መልእክት ደግሞ ሶርያውያንም ዐረቦችም ግብጻውያንም ይገረዛሉ፣ ታዲያ የቃል ኪዳን ሰዎች ናቸው ማለት ነው? ብሎ ይጠይቃል። ይህን ክርክር የጀመረው እርሱ አይደለም፤ ኤርምያስ 9 ላይ ነቢዩ ግብጽን፣ ኤዶምን፣ አሞንንና ሞዓብን ከይሁዳ ጋር ደርድሮ፣ በሥጋ ተገርዛችሁ በልባችሁ ግን ያልተገረዛችሁ ይላቸዋል። የልብ ግዝረት አዲስ ኪዳን ያመጣው እንግዳ ትምህርት እንዳልሆነ ዘዳግም 10 እና 30ም ይመሰክራሉ።

ቆላስይስ 2 ግዝረትንና ጥምቀትን አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጠ ወዲህ ሌላ ጥያቄ ተወለደ። ጥምቀት የግዝረት ተተኪ ከሆነ በ8ኛው ቀን ይሁን? በ253 ገደማ ፊዶስ የሚባል ጳጳስ ይህንኑ በሰሜን አፍሪካ ለካርቴጁ ጳጳስ ለቆጵርያኖስ ጻፈለት። 66 ጳጳሳት ተሰብስበው 8 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ጸጋ ለተወለደ ሁሉ ክፍት ነው ብለው መለሱ። ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን ሕፃናትን ማጥመቅ ተገቢ ነው ብሎ ሲከራከር መሣሪያው ይኸው የግዝረት ምሳሌ ነበር፤ ሕፃን በኪዳኑ ምልክት ከተገረዘ በኪዳኑ ምልክት ለምን አይጠመቅም? የሕፃናትን ጥምቀት የማይቀበሉት ደግሞ ምሳሌው እስከዚያ አይዘረጋም ይላሉ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን በሥጋ መገረዝ ግዴታ ነው አይሉም።

ኩፋሌ፣ ፍሎረንስና ገላውዴዎስ

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የእኛን ጉዳይ የሚያከብደው ቀኖናችን ውስጥ መጽሐፈ ኩፋሌ መኖሩ ነው። ኩፋሌ ስለ ግዝረት ከዘፍጥረትም አጥብቆ ይናገራል፤ ከ8ቱ ቀን አንዲት ቀን አትለፍ፣ የዘላለም ሥርዓት ነው፣ የገጹና የቅዳሴ መላእክት እንኳ ሲፈጠሩ እንዲሁ ሆነው ተፈጠሩ ይላል። ይህን መጽሐፍ የምታነብ ቤተ ክርስቲያን ገላትያንም ታነባለች። ከሁለቱ መካከል እንዴት መንገድ አገኘች?

መልሱ በግልጽ ተጽፎ የተገኘው ሰዎች ሲከሷት ነው። በፍሎረንስ ጉባኤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ወደ አንድነት ስታመጣ፣ በ1441 የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም መልእክተኞች ልከው ነበር። በ1442 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 4ኛ ለግብጽ ያዕቆባውያን (ለቅብጥ ክርስቲያኖች) ያወጣው አዋጅ ከጥምቀት በፊትም ሆነ በኋላ ማንም ክርስቲያን እንዳይገረዝ ከለከለ። ተስፋውን በግዝረት ላይ ቢያደርግም ባያደርግም የዘላለም ድኅነቱን ሳያጣ ሊፈጽመው አይችልም የሚል ቃል ነው የጻፈው። «ተስፋ ቢያደርግም ባያደርግም» የሚለውን ልብ በሉ። ጳውሎስ በጢሞቴዎስና በቲቶ መካከል ያሰመራት መስመር በዚህች ሐረግ ተሰረዘች። በአዋጁ መሠረት ጢሞቴዎስም ተከሳሽ ነው። የምዕራቡ ሊቃውንት ይህን ሳያዩት ቀርተው አይመስለኝም፤ በሐዋርያት ዘመን የተፈቀደው ወንጌል ከተስፋፋ በኋላ ይከለከላል የሚል ማብራሪያ ነበራቸው።

ኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) ኢትዮጵያ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ክስ ይህ ነው፤ ግዝረት፣ ሰንበትና የእሪያ (የዐሣማ) ሥጋ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 የጻፉት የሃይማኖት መግለጫ አጭር ነው፤ ስለ ግዝረት የሰጡት መልስም ከጥቂት መስመር አያልፍም። እኛ እንደ አይሁድ አንገረዝም፣ የጳውሎስን ቃል እናውቃለንና ይላሉ። የምንገረዘው እንደ አገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣ፣ በህንድ ሰዎች ዘንድም ጆሮ እንደሚበሳ። የሙሴን ሕግ ለመጠበቅ ሳይሆን ስለ ሰው ልማድ ነው።

ይህን መልስ እንደ ማምለጫ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን በጥንቃቄ የተመዘነ ቃል ሆኖ ነው የማነበው። ከታሪክ አንጻርም የቆመበት መሬት አለው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከጥንት ጀምረው የሚገረዙት ኮልኪሳውያን (በጥቁር ባሕር ምሥራቅ የነበሩ ሕዝቦች)፣ ግብጻውያንና ኢትዮጵያውያን ናቸው ብሎ ጽፏል። ኢትዮጵያውያን የሚላቸው ከግብጽ በስተደቡብ ያሉትን ሕዝቦች ነው። ግዝረት በአባይ ሸለቆ ከክርስትና በፊት የነበረ ነገር ነው። ንጉሡ ፊት መበጣትን አጠገቡ ማስቀመጣቸውም ድፍረት ነው፤ የኪዳን ምልክት የነበረውን ነገር ከጌጥ ጎን አሰለፉት። ኩፋሌን በልቡ የሚያውቅ ካህን ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው እንጃ።

ከዚያው ጽሑፍ ይበልጥ የምወደው ስለ እሪያ ሥጋ ያሉት ነው፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም። ሮሜ 14ን ወደ ቤተ መንግሥት አመጡት። «ልማድ ነው» የሚል መልስ እውነት የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ሲከተለው ነው። ልማዱን ያልያዘ ሰው ካልተናቀና ካልተገደደ ልማድ ነው። ልማዱን ያልያዘ ሰው ቆላፍ ተብሎ ከተሰደበ፣ ለጋብቻ ልጅ ከተከለከለ፣ በማኅበር ከኋላ እንዲቀመጥ ከተደረገ፣ አፋችን ልማድ ይበል እንጂ እጃችን የገላትያን ሐሰተኞች ወንድሞች ሥራ እየሠራ ነው። ዳዊት ፍልስጥኤማዊውን «ያልተገረዘ» ብሎ ሲሰድበው በብሉይ ኪዳን ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፊሊፒንስ ከሕዝቧ ብዙው ካቶሊክ የሆነች አገር ናት፤ ወንዶች ልጆች ግን በልጅነታቸው ማብቂያ ገደማ መገረዛቸው የተስፋፋ ልማድ ነው፣ ያልተገረዘም ይሰደባል። የፍሎረንሱ አዋጅ እዚያ የሚያስታውሰው የለም። በአሜሪካ ደግሞ ልማዱ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሐኪሞች በኩል የገባ ነው። ሦስታችንም ክርስቲያኖች ነን፣ ሦስታችንም እንገረዛለን፣ ሦስታችንም የምንሰጠው ምክንያት ይለያያል።

በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ በይፋ ካቶሊክ ሆኑ፤ ቀጥሎ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግዝረትን ከሌሎች ልማዶች ጋር ከለከለ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ። ለዚያ ሁሉ ደም ምክንያቱ ግዝረት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ልማድን በአዋጅ መከልከል ልማዱን ወደ ሃይማኖት ምልክትነት ያሳድገዋል፤ ሰው የተከለከለውን የሚይዘው ከበፊቱ ይልቅ አጥብቆ ነው።

የጌታ ግዝረትም የራሱ በዓል አለው። እኛ ዘንድ ጥር 6 ከዘጠኙ ንዑሳን በዓላት አንዱ ሆኖ ይከበራል፤ የግሪክና የሩሲያ ኦርቶዶክሶች ከቅዱስ ባስልዮስ ጋር አያይዘው ጃንዋሪ 1 ቀን (ሩሲያውያኑ በቀድሞው የዩልዮስ አቆጣጠር) ያከብሩታል። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ1969 የዘመን መቁጠሪያዋን ስታድስ ቀኑን ለእመቤታችን ወላዲተ አምላክነት ሰጠችው። ግዝረትን በጽኑ የከለከለችው ቤተ ክርስቲያንም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ቀኑን ስታከብር ኖራለች። የሚጋጭ ነገር የለውም፤ እርሱ ከሕግ በታች ተወልዶ ሕግን ፈጸመ ነውና ትምህርቱ።

ከ8ኛው እስከ 40ኛው ቀን

ወላጆች የሚጨነቁት በቅደም ተከተሉ ነው። ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል፣ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል። አርባው የመጣው ከዘሌዋውያን 12 ነው፤ 7 ቀንና 33 ቀን። ኩፋሌም አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። በግብጽም በእኛም ዘንድ የኖረው ሥርዓት ግዝረት ከጥምቀት ይቅደም የሚል ነው። ትርጉሙ ይገባኛል። የገላትያ ሰዎች ከተጠመቁ በኋላ ነው ሊገረዙ የተነሡት፤ ጥምቀቱ የጎደለውን ለመሙላት። ከጥምቀት በፊት የሚሆን ግዝረት የልደት ልማድ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ከጥምቀት በኋላ የሚመጣ ግን ማሟያ ይመስላል። እርግጥ ቅደም ተከተል ብቻውን አያድንም፤ ጢሞቴዎስ ሲገረዝ ደቀ መዝሙር ነበር።

8ኛው ቀን ካለፈስ? ኃጢአት የለበትም። አይሁድ እንኳ፣ ቀኑን ከሰንበት አስበልጠው የሚይዙት፣ የታመመ ሕፃን እስኪድን ያቆዩታል፤ ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው የሞቱበት ሦስተኛ ልጅ አይገረዝም የሚል ሕግም በታልሙድ አላቸው። ደም አለመርጋት በዘር እንደሚወረስ ሳይንስ ከማወቁ በፊት የጻፉት ነው። በልማድ የምንገረዝ እኛ ከሕገኞቹ ይልቅ በቀን ብንከር ያሳፍራል።

በስብከት ላይ የሚሰማ አንድ ነገር አለ፤ በ8ኛው ቀን የሕፃን ደም የመርጋት ኃይሉ ከዕድሜው ሁሉ ይበልጣል የሚል። ቁጥር ሳይቀር ይጠቀሳል። ያን ቁጥር ይዤ አልከራከርም። የሚታወቀው ይህ ነው፤ ሕፃን ሲወለድ ቫይታሚን ኬ በሰውነቱ ውስጥ ትንሽ ነው፣ በዚህ ምክንያት የሚመጣው የተለመደው መድማት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ይበረታል፤ ስለዚህም ሲወለድ 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በመርፌ ይሰጠዋል። 8ኛው ቀን የከፋው ጊዜ ካለፈ በኋላ መዋሉ እውነት ነው። መጽሐፉ ግን ይህን ምክንያት አልሰጠም፤ መርፌውን ያልወሰደ ሕፃን ደግሞ 8ኛው ቀን ስለሆነ ብቻ አይጠበቅም፣ ችግሩ ከዚያ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ከመገረዙ በፊት የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ቫይታሚን ኬ ወስዷል? በእናት ወገን ደም የማይቆምለት ወንድ አለ? ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ ግራም በላይ ነው? ቢጫ ሆኗል? ከሁሉም የሚረሳው ደግሞ የሽንት መውጫው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን በታች በኩል ከሆነ ሕፃኑ በፍጹም መገረዝ የለበትም። ሐኪሙ በኋላ ሲጠግነው የሚጠቀምበት ያንኑ ሸለፈት ነው፤ በቤት የሚገርዝ ሰው ቸኩሎ ሲቆርጠው መጠገኛውን ይጥለዋል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገር ነው። ደም ይበዛል፤ ወይ የደም ሥሩ በደንብ ስላልተያዘ ወይ ልጁ የመርጋት ችግር ስላለበት። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መሣሪያው ስላልተቀቀለ፣ ወይም ቁስሉ ላይ ቅጠልና አመድ ስለተደረገበት፣ ይህም ለቴታነስ በር ይከፍታል። ወይም የሚቆረጠው ቆዳ ከሚገባው ይበዛል፤ ልጁ ሳይደነዝዝ ሲወራጭ እጅ ይስታል። ከተገረዘ በኋላ በንጹሕ የቁስል ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ያልቆመ ደም፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ሽንት አለመሽናት፣ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ሕፃኑን ይዞ ወደ ጤና ተቋም የሚያስሮጡ ናቸው። ጫፉ ላይ የሚታየው ስስ ቢጫ ሽፋን ግን የመዳን ምልክት ነው፤ እናቶች መግል መስሏቸው ሲፍቁት ቁስሉን ያድሱታል። በ10 ቀን ገደማ ይጠግጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጨቅላ ግርዛትን የሚመክረው በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በ8ኛው ቀን ያልተገረዘ ሕፃን በ20 ወይም በ25 ቀኑ ተገርዞ፣ ቁስሉ ደርቆ በ40 ቀኑ ይጠመቃል። 40ኛው ቀን ሳይገረዝ ከደረሰበት ይጠመቅ፤ ጥምቀቱ ግዝረትን አይጠብቅም።

እዚህ ላይ የማላልፈው ነገር አለ። ዘፍጥረት 17 «ወንድ ሁሉ» ይላል፤ ኩፋሌም ከዚህ አይወጣም። ሴት ልጅን መግረዝ ከዚህ ኪዳን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሚያስቀጣ ነው።

ጎልማሳ አማኝ ሲመጣ

ፈተናው ያለው ሕፃኑ ላይ አይደለም። ከማይገረዝ ማኅበረሰብ፣ ለምሳሌ ከኑዌር ወይም ከአኙዋ፣ የመጣ ጎልማሳ ልጠመቅ ሲል ነው «ባህል ነው» ያልነው ቃል የሚመዘነው። ኑዌሩ ግንባሩ ላይ የአባቶቹን መስመር ይዞ ቢመጣ፣ ገላውዴዎስ ከግዝረት ጎን ያሰለፉት ያው የፊት ብጥ ነው፤ ልማድ በልማድ ፊት ቆሟል፣ አንዱ ሌላውን የሚከስበት ሕግ የለም። ለመጠመቅ ልገረዝ ወይ ብሎ ከጠየቀ መልሱ «አያስፈልግም» ነው፤ በግማሽ ልብ የማይነገር «አያስፈልግም»። «ግድ አይደለም ግን ብትገረዝ መልካም ነው» የሚል ካህን ቲቶን በለሰለሰ ቃል እየገረዘ ነው። ጎልማሳው ከተጠመቀ በኋላ ከምእመናን መካከል የሚያፌዝበት ቢገኝ ቄሱ ሊገሥጽ የሚገባው ፌዘኛውን ነው።

ሌላው የሚነሣው የጤና ጥያቄ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተደረጉ ሦስት ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ግርዛት ወንድ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ገልጾ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ቫይረሱ ለተስፋፋባቸው አገሮች መከረ፤ በኢትዮጵያ ሥራው ያተኮረው ጋምቤላ ላይ ነበር። ይህ ከኪዳን ጋር የማይነካካ ምክር ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጣል፣ በ2ኛውና በ7ኛው ቀን ቁስሉ ይታያል፣ 6 ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ የደረቀ ስለሚመስል በ3ኛው ሳምንት ይቸኩላሉ፣ ቁስሉ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ለቫይረሱ ከበፊቱ የባሰ የተጋለጡ ይሆናሉ። ከዳነም በኋላ 60 በመቶ ማለት 100 ማለት አይደለም፤ ኮንዶምን አይተካም፣ አንድ ለአንድ መወሰንንም አይተካም።

ተጠማቂው ሁለቱንም ከፈለገ ቀጠሮዎቹን ማራራቅ ብቻ በቂ ነው፤ ገና ያልጠገገ ቁስል ይዞ ውኃ ውስጥ አይግባ። የሐኪሙ ተራ ዘግይቶ ጥምቀቱ ከቀደመም ምንም አይደለም። ከተጠመቀ በኋላ በሐኪም ምክር የሚገረዝ ሰው ንስሐ የሚገባበት ነገር የለውም፤ ለንስሐ አባቱም ሊያስረዳ ከፈለገ የሕክምና ካርዱን ማሳየት ይበቃዋል።